ይቺን ወፍ በእናንተ መንደር ምን ትሏታላችሁ?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ሰሞኑን ስለ ጎጃም የጉብኝት ቦታዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት፤ ደስ ብሎኝ ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ። ጢስ ዓባይ አለበት፣ የጣና ገዳማት አሉበት፣ ግሽ ዓባይ አለበት። ወፍ ግን አንድም የለበትም። ሰው ባሕር አቋርጦ ወፍ ለማየት ብቻ አገራችን እንደሚመጣ ስለማውቅ፣ ያቺንም ደስታ በዓይኔ ስላየኋት ዝም ማለት አልቻልኩም። ደብዳቤው ረዘም ይላል። ቦታ ካነሰ ከመሃል ቁረጡት፤ መጨረሻው ላይ ያለችውን ጥያቄ ግን እባካችሁ አታስቀሩብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር 2015 ላይ እቁብ ደረሰኝ። ለቤት ዕቃ ነበር ያሰብኩት። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ግን ሌላ ሐሳብ ይዘው መጡ፦ ገንዘብ እናዋጣ፣ ወፍ የሚያሳይ አስጎብኚ ከአዲስ አበባ እንቅጠር፣ ከጣና ተነስተን በጮቄ አድርገን ዓባይ በረሃ ድረስ እንውረድ። እኅቴ ስትሰማ "ወፍ ለማየት ደግሞ ገንዘብ ይከፈላል? መስኮትሽን አትከፍቺም?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ቢሆን ብዙ የምመልስላት ነገር አለኝ።

ጉዞው አምስት ቀን ፈጀ። አስጎብኚያችን ወጣት ነው፣ በሥራው የተካነ፣ ባለ ሦስት እግር ቴሌስኮፕና ዳሩ የተበላ የወፍ መጽሐፍ የያዘ። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት እንደተመዘገበ፣ ከእነዚህም ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ እንዳሉ የነገረን ገና መኪና ውስጥ እያለን ነው። የሁሉንም የእንግሊዝኛ ስም ያውቃል። የአማርኛውን ስጠይቀው ግን ከአሥሩ ሁለቱን ቢመልስልኝ ነው። ለነገሩ እኔም ከእሱ አልሻልም ነበር፤ የዚህ ሁሉ ደብዳቤ ምክንያትም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ዜጌ ገባን። ወፍ ሳይንጫጫ ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሳን። ዜጌን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቡናው ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው፤ አቡነ በትረ ማርያም ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን ከበትራቸው አበቀሉ እየተባለ ሲነገር የኖረበት፣ ደኑም በዚያ ክብር ተጠብቆ የቆየበት ቦታ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። መንገዱን እያየሁ እሄዳለሁ፣ መንገዱን እያየሁ እመለሳለሁ። ቀና ብዬ ዛፉን አይቼ አላውቅም።

በዚያን ቀን ግን ቀና አልኩ። ከበላያችን ጥቁርና ነጭ የሆነ ትልቅ ወፍ አለፈ። ከማየታችን በፊት የክንፉን ሹክሹክታ ነበር የሰማነው። ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት ይመስላል። ሴቷ እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባና በሩ በጭቃ ይዘጋባታል። የምትቀረው ምንቃር የምታስወጣ ጠባብ ክፍተት ብቻ ናት። ወንዱ በዚያች ክፍተት ፍሬ እያመላለሰ ያበላታል። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ ያለው ዛፍ ስንት ዓመት የኖረ ዛፍ እንደሆነ አስቡት። ትናንት የተተከለ ባሕር ዛፍ ለዚህች ወፍ ቤት አይሆናትም።

ትንሽ እንደሄድን አረንጓዴ ወፍ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ሮጠ። ሮጠ ነው የምለው፤ እንደ ሽኮኮ በእግሩ ነው የሮጠው። ኋላ ሲበር ክንፉን ዘረጋው፣ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ። ባልደረባዬ ጮኸች። አስጎብኚው የእንግሊዝኛ ስሙን ነገረንና ቀዩ ቀለም ውስጡ መዳብ እንዳለበት፣ እንዲህ ያለ ቀለም ከዚህ የወፍ ወገን በቀር በሌላ ወፍ ላይ እንደማይገኝ አስረዳን። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ይህንን የሰማሁት ያኔ ነው። ጀልባውን የሚነዳው የዜጌ ልጅ ከኋላችን ሆኖ "ሶሪት ናት እኮ" አለ። እንደ ቀላል ነገር። አያቴ ቆንጆ ሴት ስታሞግስ "ሶሪት" ትል ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ ሶሪት ምን እንደሆነች ጠይቄ አላውቅም። አያቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዛፉ ሥር ቆሜ እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ወደ እንጅባራ መንገድ ያዝን። አዊ ውስጥ መንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ የሚሉት ከውጭ የመጣ ዛፍ ነበር። ገበሬው እሱን አክስሎ ቤት ሠርቶበታል፣ ልጅ አስተምሮበታል፤ ስለዚህ አልፈርድበትም። ግን መኪና አቁመን ዲከረንሱ መሃል ግማሽ ሰዓት ቆምን። የከተማ ልጆች "ወፍ የለም" የሚሉት ነገር እዚያ ቃል በቃል ደረሰብን። ቅጠሉ እንኳን ድምፅ የለውም። ከዚያ ዘንገና ሐይቅ ዳር ወዳለው የተፈጥሮ ደን ስንገባ ጆሯችን ሞላ። ተማሪዎቼን ስለ ብዝኃ ሕይወት ለማስረዳት ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ደክሜያለሁ፤ እነዚያን ሁለት ቦታዎች በአንድ ቀን ባሳያቸው ያ ሁሉ ባላስፈለገኝ።

ጮቄ ላይ ቀስ ልበል፤ ልቤ የቀረው እዚያ ነው።

ከረቡዕ ገበያ በላይ ገብሱና ድንቹ እያነሰ፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ እየበዛ ይሄዳል። ከዚያ ጓሳ ሣር። ከዚያ ጅብራ የሚባለው የውርጭ ተክል፣ እንደ ሰው የቆመ። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርስ ተራራ ነው፣ ጠዋት ሣሩ ላይ በረዶ ነበር። እጄ ደንዝዞ ባይኖኩላሩን መያዝ አቃተኝ። ጅብራው አበባ ላይ ግን አንዲት ትንሽ ወፍ ተለጥፋ ትመጣለች። በጥላ ጥቁር ናት፤ ፀሐይ ሲያርፍባት ሐምራዊ ታበራለች። ሳይንሳዊ ስሟ ውስጥ "ተከዜ" የሚል ቃል አለበት። ከወንዛችን ነው የተወሰደው። የዓለም ሳይንቲስት ሁሉ "ተከዜ" ብሎ ይጠራታል፤ ከአሥር ተማሪዎቼ አንዱ እንኳ አያውቃትም። ከፍ ብሎ ረግረጉ ላይ ደግሞ ክንፏ ሰማያዊ የሆነ የደጋ ዝይ አየን። ስትሄድ አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ ጀርባዋ ላይ ታስተኛዋለች፣ የበረዳት ትመስላለች። ይህቺ ዝይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው ያለችው። ረግረጉ ሲታረስ የምትሄድበት ሌላ አገር የላትም።

ከረግረጉ አጠገብ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አገኘን። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጋቢ ተከናንቧል፣ ዱላው ከሱ ይረዝማል። መጀመሪያ አፍሮ ዝም አለ። ቴሌስኮፑን ካየበት በኋላ ግን ከኛ አልተለየም። አፈር የመሰሉ ትንንሽ ወፎች መንጋ ሆነው ገለባው ላይ ሲያርፉ አስጎብኚው አልፏቸው ሊሄድ ሲል ልጁ "የመስቀል ወፍ ናቸው" አለ።

"አይ፣ የመስቀል ወፍ እኮ የሚመጣው በመስከረም ነው" አልኩት። ክፍል ውስጥ እንደማርም ሆኜ።

"አይመጣም እትዬ። እዚሁ ነው ያለው። ልብሱን ነው የሚያወልቀው። ያውና፣ ትከሻውን ይዩት፤ ቢጫ ተርፎታል።"

አስጎብኚው ቴሌስኮፑን አዞረ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ልጁን ትከሻውን መታ መታ አደረገውና "ልክ ነው፣ ጎበዝ" አለው። ወንዱ በክረምትና በመስከረም ሴት ለመሳብ ጥቁርና ቢጫ ይለብሳል። የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ያንን ላባ ያራግፍና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል፤ ትከሻውና ወገቡ ላይ ያለው ቢጫ ግን አይጠፋም። የመስቀል ወፍ የምንለው ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፣ በዚያ ሰሞን ላባ የሚቀይሩ የተለያዩ ወፎችን ነው። ከአደይ አበባ ጋር ቀጠሮ አላቸው እየተባልን ያደግነው ሁሉ፣ ቀጠሮውን የሚያከብሩት ልብስ በመቀየር ኖሯል። ይህንን ከየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ አላገኘሁትም። ከእረኛ ነው ያገኘሁት።

አልበቃውም። "ወደ ታች፣ መስኩ ላይ፣ ከከብቱ እግር ሥር የምትሮጠዋ ቢጫ ግን እውነትም ትመጣለች። ከመስቀል ወዲያ ትመጣለች፣ ከፋሲካ ወዲያ አትታይም" አለን። ይህችኛዋ በእርግጥም ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽታ የምትመጣ ወፍ ናት። ልጁ አውሮፓ የሚባል አገር ካርታ ላይ አይቶ ይሁን አይሁን አላውቅም። ማን ነዋሪ፣ ማን እንግዳ እንደሆነ ግን ለይቶ ያውቃል። ስንለያይ ከኪሳችን አዋጥተን መቶ ብር ሰጠነው። ለአስጎብኚው የከፈልነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አስጎብኚው አልበዛበትም፣ የሠራበትን ነው የወሰደው። ልጁ ግን አነሰበት።

ስንወርድ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ጎራ አልን። ዙሪያውን የታረሰ መሬት ነው፤ መሃል ላይ ብቻ ክብ ደን። ወይራ፣ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ። የጎጃም ሰው ሁሉ ይህንን መልክ ያውቀዋል። ከጥንቱ ደን በየቦታው የቀረው ይኸው ነው፤ እነዚያ የደን ወፎችም የቀሩት በዚያው ልክ ነው። አስጎብኚው ግንደ ቆርቁር ሊያሳየን ፈለገ። ወርቃማ ጀርባ ያላት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የሌለች ናት። ስልኩን አውጥቶ የወፏን የተቀዳ ድምፅ ከፈተ። ወንዱ ወዲያው መጣ። ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ይጮኻል፣ ጉትዬው ቆሟል። ፎቶ አነሳን። ደግሞ ከፈተ። ደግሞ መጣ። በሦስተኛው አንድ አባት መቋሚያቸውን ተደግፈው ከኋላችን መጡ።

"አጥፋው ልጄ" አሉት። "ቤቱ ሌባ የገባበት መስሎታል።"

አጠፋው። እኔ ያንን ነገር በሳይንስ ቋንቋ ብጽፈው አንድ ገጽ ይፈጅብኛል። ወንዱ ድምፁን ሲሰማ ሌላ ወንድ ክልሉን ሊቀማው የመጣ ይመስለዋል፤ መብላቱን ይተዋል፣ ጎጆውን መጠበቅ ይተዋል፣ ከሌለ ጠላት ጋር ሲታገል ጉልበቱን ይጨርሳል። ወፍ በብዛት በሚጎበኝበት ቦታ ይህ በየቀኑ ሲደጋገም አስቡት። እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። አስጎብኚው ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ከዚያ በኋላ በጉዞው ሁሉ ስልኩን አላወጣም። ይህንን ያነሳሁት እሱን ለመክሰስ አይደለም። የቦታው ሰው አብሮ ቢኖር ኖሮ ገና በመጀመሪያው ጩኸት "በቃ" እንደሚል ለማሳየት ነው።

በመጨረሻው ቀን ከደጀን ጎህ ሳይቀድ ዓባይ በረሃ ወረድን። ከላይ ካፖርት ለብሰን ተነስተን፣ ታች ስንደርስ በሸሚዝ አላበን። ከመኪና ወርደን በእግር ወደ አንዲት ጅረት ስናቀና ከቁጥቋጦው ቆቅ ጮኸች። ዓይኗ ዙሪያ ቀይ ነው፣ ምንቃሯም ቀይ። አስጎብኚው እጁ እየተንቀጠቀጠ ቴሌስኮፑን አስተካከለ። "ለዚህች ሲሉ ብቻ ከእንግሊዝ ድረስ የሚመጡ አሉ" አለን በሹክሹክታ። በዓለም ላይ የምትገኘው በዓባይ ሸለቆና እንደ ጀማ ባሉ ገባሮቹ ሸለቆዎች ነው። ለሳይንስ የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1899 ሲሆን፣ ስሟ የወጣው በዚያ ጉዞ ላይ የወፎችን ቆዳ እያደረቀ ለሙዚየም ያዘጋጅ በነበረ ሐርዉድ በሚባል እንግሊዛዊ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ዓባይን ስትጠጣ የኖረች ወፍ "የሐርዉድ ቆቅ" ትባላለች።

እዚያው ቀፎ የሚሰቅሉ አንድ አዛውንት ነበሩ። ወደሳቸው ሄጄ "አባቴ፣ ይቺን ወፍ ምን ትሏታላችሁ?" አልኳቸው።

"ቆቅ ናት።"

"የደጋዋ ቆቅ ናት?"

"የለም ልጄ፣ ይቺ የበረሃዋ ናት። ድምፅዋ ራሱ ሌላ ነው። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች አይደል የሚባለው።"

ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፣ ሰው ለሰው ሲናገረው። ለወፍ ሲነገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አዛውንቱ ሁለቱን ቆቅ በድምፅ ለይተው፣ በሚኖሩበት አገር ለይተው ያውቋቸዋል። ከዚህ የበለጠ ምን ዕውቀት አለ?

ከሳቸው ጋር ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ስለ ማር መሪ ነገሩን። እየጮኸች ከፊት ከፊት እየበረረች ሰውን ወደ ንብ ትወስዳለች፤ ሰውየው ማሩን ሲቆርጥ ሰሙን ከነእጩ ይተውላታል። "ድርሻዋን የከለከለ ሰው በሌላ ጊዜ አትጠራውም" አሉን። የጎጃም ማር በየገበያው ሲወደስ ይቺ ወፍ ስሟ ተነስቶ ያውቃል? ደግሞም ታች ገለባው ላይ ሁለት ትልልቅ ጥቁር ወፎች እንደ ሽማግሌ እየተራመዱ ሲያልፉ "እርኩም" አሉን። ጎህ ሲቀድ ድምፅዋ እንደ ከበሮ ከሩቅ እንደሚሰማ ነገሩን። ገንዘብ ስንሰጣቸው አልቀበልም አሉ፤ እንዲያውም ማር አቅምሰው ሸኙን።

ቤት ከገባሁ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ጄምስ ብሩስን ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ድረስ የመጣው ስኮትላንዳዊ። ሰውየው ስለ ወንዙ ብቻ አልጻፈም። ወፎቹን አይቷል፣ አስስሏል፣ የአገሩን ሰው እየጠየቀ ስማቸውን መዝግቧል። ከመዘገባቸው ውስጥ እርኩም አለች። ከ250 ዓመት በፊት በላቲን ፊደል የጻፋትን ስም ዓባይ በረሃ ውስጥ አዛውንቱ እንዳለች ጠሩልኝ፤ አንድ ድምፅ ሳይጎድልባት። እንደዚህ የቆየ ነገር እጃችን ላይ አለ። ግን የተቀመጠው በሽማግሌና በእረኛ አፍ ነው፤ ሽማግሌው ያልፋል፣ እረኛውም ከተማ ሲገባ ይረሳዋል። ማነው የሚጽፈው?

አሁን የምለውን ልበል። ወፍ የሚያሳይ ሰው ከየቦታው ይሁን። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አስጎብኚ አይቅር፤ ቋንቋውንም መሣሪያውንም ይዟል። ግን ዜጌ ላይ የዜጌ ልጅ፣ ጮቄ ላይ የጮቄ ልጅ፣ በረሃው ላይ የበረሃው ሰው አብሮት ይውጣ፤ ክፍያውም በደረሰኝ የታወቀ ይሁን እንጂ ከኪስ የሚወረወር ጉርሻ አይሁን። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ስሜን ተራሮች ፓርክ ለመግባት ከደባርቅ ጠባቂ ይያዛል፤ የአካባቢው ሰው በዚያ እንጀራ ያገኛል። እረኛው ከወፏ የሚያገኘው ነገር ሲኖር ረግረጉን ማን እንደሚጠብቀው መናገር አያስፈልገኝም። ብቻ ልጆቹ ትምህርታቸውን አቋርጠው ጎብኚ ተከትለው እንዳይቀሩ፤ ይህ ለዕረፍት ጊዜና ለቅዳሜ እሑድ የሚሆን ሥራ ነው። እኔ መምህር ነኝና በዚህ ላይ አልደራደርም።

"አሁን የወፍ ነገር የሚነሳበት ጊዜ ነው ወይ?" የሚሉኝ አሉ። ባልደረቦቼ ራሳቸው ብለውኛል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ እናውቀዋለን፤ የሞተውን ሰው፣ የተዘጋውን ትምህርት ቤት፣ ደንበኛ የራቀውን የጀልባ ባለቤት። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። በየሌሊቱ አስበዋለሁ። እኔም ወደ ጮቄ ከወጣሁ ያው ያን ጊዜ ነው። ሰላም ሳይወርድ ጎብኚ ይምጣ አልልም፣ ይህ ሞኝነት ነው።

ስም ለመሰብሰብ ግን መንገድ አይጠበቅም። እናትን ለመጠየቅ፣ አያትን ለመጠየቅ፣ ጎረቤት ያለን አናቢ ለመጠየቅ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ አለ፤ በአገሪቱ ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ መዝግቧል። ቦታው ተመዝግቧል ማለት ነው። የቀረው ስሙ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ የባዮሎጂና የአማርኛ ተማሪ ሁለት ሁለት ሆነው ቢሠሩ፣ አንዱ ወፉን ቢለይ፣ ሌላው ስሙንና ተረቱን ቢጽፍ ለመመረቂያ ጽሑፍ ምን ያንሰዋል? አዊ ውስጥ ደግሞ የአገውኛው ስም አብሮ ይጻፍ፤ እሱንም እኔ አላውቀውም፣ ማወቅ ግን እፈልጋለሁ።

እኔ በበኩሌ ጀምሬያለሁ። ተማሪዎቼ ለዕረፍት ወደየቤተሰባቸው ሲሄዱ አንድ አንድ የወፍ ስም ይዘው እንዲመጡ አዘዝኳቸው። ማርክ አለው። ደብተሬ ላይ እስካሁን አርባ አንድ ስም አለኝ፤ ከእነሱ ውስጥ አሥራ ስድስቱ የትኛዋ ወፍ እንደሆኑ አላወቅኩም። ያው ቀስ ብለን እንደርስበታለን። አንዲት ልጅ የአያቷን ድምፅ በስልክ ቀድታ አመጣችልኝ፤ አያትየው ሰባት ወፍ በየድምፃቸው ያስመስላሉ። ክፍሉ ሁሉ ፀጥ ብሎ ነበር የሚሰማው። የመጨረሻዋ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ "ሦስተኛዋን አውቃታለሁ፣ እኛ ጋ ሌላ ስም አላት" ብሎ ተነሳ።

አሁን ጥያቄዬ። ዓባይ በረሃ፣ ጅረቷ አጠገብ አንድ ትልቅ ሾላ ነበር። ላዩ ላይ ርግቦች ሾላ ይለቅማሉ። ራሳቸውና ደረታቸው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ፣ ሆዳቸው ደማቅ ቢጫ፣ ትከሻቸው ላይ ትንሽ ሐምራዊ። ቅጠሉ ውስጥ ሲሆኑ አይታዩም፣ ሲነሱ ብቻ ነው የሚታዩት። አዛውንቱ "የሾላ ርግብ" አሏት። ብሩስ ግን ይህችኑ ርግብ የአገሩ ሰው "ዋልያ" እንደሚላት ጽፏል፤ ሳይንሳዊ ስሟም እስከ ዛሬ በዚሁ ቃል ነው የሚጠራው። እኛ ዋልያ የምንለው የስሜኑን የዱር ፍየል ነው። ሰውየው ተሳስቶ ነው? ወይስ የጠፋብን ስም ነው?

ከግሽ፣ ከቡሬ፣ ከደንበጫ፣ ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከየትም የሆናችሁ አንባቢዎች፣ እባካችሁ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁልኝ። በእናንተ መንደር ይቺን ሆዷ ቢጫ የሆነ የሾላ ርግብ ምን ትሏታላችሁ? "ዋልያ" ሲሏት የሰማ ሰው አለ? መልሱን ለጋዜጣው ላኩት፤ አዘጋጁ ካተመልኝ ጥሩ፣ ካልሆነም ደብዳቤዎቹን ያኑርልኝና ሰው ልኬ እወስዳቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የባዮሎጂ መምህርት
ከደብረ ማርቆስ